ከሳህኑ ሥር የተጻፈው ስም

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «እናቴ ጂዳ ሠርታ ስትመለስ ይዛው የመጣችው ትልቅ ሳህን አለን። ነጭ ነው፣ በሰማያዊ ዘንዶ ተስሎበታል፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጀርባውም ሁሉ ነጭና የሚያብረቀርቅ ሲሆን መሀሉ ላይ ስድስት የቻይና ፊደላት አሉት። በስልኬ ሳስተረጉመው ‹በታላቁ ሚንግ፣ በሹዋንደ ዘመን የተሠራ› አለኝ። 600 ዓመት ሊሞላው ነው ማለት ነው? አጎቴ ደግሞ ‹ሰማያዊው የፋርስ እንጂ የቻይና አይደለም› ይላል። ታዲያ ጥበቡ የማን ነው?»

ከአጎትዎ ልጀምር፤ የሳህኑም ነገር የሚፈታው በእሳቸው ጥያቄ በኩል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አጎትዎ ግማሹን አግኝተውታል። ምርጡ የጥንት ሰማያዊ ከኢራን የመጣ ነው። ግን ኢራን ውስጥ ያ ቀለም የሚያርፍበት ገላ፣ ማለትም ነጩ የሸክላ አካል፣ አልነበረም፤ ቻይና ውስጥ ደግሞ ገላው እያለ ያን የመሰለ ቀለም አልነበረም። አንዱ ወገን ለብቻው ሊሠራው የሚችል ዕቃ አልነበረም።

ታሪኩ የሚነሣው ከሰማያዊው ሳይሆን ከነጩ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባሕር ወደ ኢራቅ የሚገባው የቻይና ነጭ ዕቃ በጊዜው ይገዙ የነበሩትን የአባሲድ ኸሊፋዎች ከተሞች አስደምሞ ነበር። የባስራ ሸክላ ሠሪዎች ሊመስሉት ተነሡ። ነጩ አፈር በአገራቸው የለም፤ እቶናቸውም የቻይናውን ያህል አይግልም። ስለዚህ ተራውን ቢጫማ ሸክላ ቆርቆሮ በገባበት ነጭ ልባስ (ሲጋገር እንደ ብርጭቆ በሚሆን ቅብ) ሸፈኑና ቻይና አስመሰሉት። ከዚያ በነጩ ላይ በኮባልት፣ ሰማያዊውን ቀለም በሚሰጠው ማዕድን፣ አበባና ቅጠል ሣሉበት። ከእነዚያ ሳህኖች አንዱን ቀረብ ብለው ቢያዩት የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ልባሱ ትንሽ ፈሶ ያዩታል፤ እርጥብ ወረቀት ላይ ጠብ እንዳለ ቀለም።

ነገሩ ቻይና ለመድረስ አልዘገየም። በ1998 ኢንዶኔዥያ ውስጥ በቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ አንድ የሰመጠ መርከብ ተገኘ። ሳንቃዎቹ በሚስማር አልተመቱም፣ በገመድ ተሰፍተዋል፤ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሰዎች ሥራ ነው። በሆዱ 60,000 ገደማ የቻይና ሸክላ ይዟል። አብዛኛው በጅምላ የተጫነ ርካሽ ጎድጓዳ ሳህን ሲሆን፣ በአንዱ ላይ ከ826 ጋር የሚገጥም ቀን አለበት። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ሦስት ሰማያዊና ነጭ ሳህኖች ወጡ። የተሠሩት ሄናን ውስጥ፣ ጎንግሺየን በሚባል ቦታ ነው። ሥዕላቸው ግን ለባስራ ገበያ የታሰበ መሆኑ ያስታውቃል። ባስራ ቻይናን ቀዳች፣ ቻይናም መልሳ ባስራን ቀዳች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተዳፈነ። እዚህም እዚያም ብልጭ ከማለቱ በቀር ለአምስት መቶ ዓመት ያህል ብዙ አልተሠራም። ያቃታቸው አይመስለኝም፤ አልወደዱትም። የሶንግ ዘመን (ከ10ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን) የቻይና ምሁራን የሚወዱት ባለ አንድ ቀለም፣ ጸጥ ያለ ዕቃ ነበር፤ አረንጓዴ፣ የዝሆን ጥርስ የመሰለ ነጭ፣ ወይም ውኃ የመሰለ ፈዛዛ ሰማያዊ። ሥዕል የበዛበት ነገር ለእነሱ የገበያ ጩኸት ነው። በ1388 የተጻፈ አንድ የጥንታዊ ዕቃ መመሪያ እንኳ ሰማያዊና ነጩን «እጅግ ተራ» ብሎ ነው የሚያልፈው። ዛሬ በሚሊዮን የሚሸጠውን!

የለወጡት ሞንጎሎች ናቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናንም ኢራንንም የጄንጊስ ካን የልጅ ልጆች ያዙ። ቻይናን የያዘው ኩብላይ ካን በ1278 በሸክላ ሠሪዎቹ ከተማ በጂንግደዠን የሸክላ ጽሕፈት ቤት አቆመ። የደቡቡ ወደብ ቹዋንዡ በሙስሊም ነጋዴዎች የተሞላ ነበር። በዚያው ዘመን ኢራን ውስጥ በካሻን ከተማ፣ ትውልዳቸው ሁሉ ሸክላ ሠሪ ከሆነ ቤተሰብ የተወለደ አቡልቃሲም የሚባል ሰው በ1301 ስለ ሙያው ሲጽፍ፣ ሰማያዊው ድንጋይ በካሻን ተራሮች ውስጥ ካለችው ቃምሳር መንደር እንደሚወጣ፣ ባለሙያዎቹም «ሱለይማኒ» እንደሚሉት መዝግቧል። ቻይናውያኑ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ምርጥ ኮባልት «ሱማሊ» ወይም ለዚያ በሚቀርብ ስም ጠሩት። ስሙ ከሱለይማኒ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ።

አሁን ጂንግደዠን እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይፈቀድልኝ። ከተማዋ ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ውስጥ በወንዝ ዳር፣ ጥድ በሸፈናቸው ኮረብቶች መካከል ናት። ሁለት ነገር ሰጥቷታል ፈጣሪ። አንዱ በውኃ ኃይል በሚነሣና በሚወድቅ መዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ ዱቄት የሚልም ድንጋይ ነው። ሌላው ጋውሊንግ ከሚባል ኮረብታ የሚወጣ ነጭ አፈር ነው፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ «ካኦሊን» የሚለው ከዚያ ኮረብታ ስም ተነሥቶ ነው። ድንጋዩ ለብቻው ሲጋገር ይልማል፣ ይጎብጣል። አፈሩ ሲጨመርበት ግን አጥንት ያገኛል፤ እስከ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይችላል። ትልልቅ ሳህንና ገንቦ መሥራት የተቻለው አፈሩ በደንብ መቀላቀል ከጀመረ በኋላ ነው።

ሠዓሊው የሚሥለው ባልተጋገረው፣ በደረቀው ጭቃ ላይ ነው። ጭቃው ብሩሹ ያረፈበትን ወዲያው ይመጠዋል። መሰረዝ የለም፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ተንቀጠቀጠ። ያለ መጋገር ኮባልቱ ሰማያዊ እንኳ አይደለም፤ ጥቁር ግራጫ ነው፣ አመድ እንደነካው ውኃ። ሠዓሊው የትኛው መስመር እንደሚደምቅና የትኛው እንደሚፈዝ በልቡ እያሰላ ይሥላል። ከዚያ ልባሱ ይፈስበታል። ዕቃው አመድና ጢስ እንዳይነካው በሸክላ ሳጥን ውስጥ ተከቶ፣ አየሩ በታፈነ የጥድ እሳት አንዴ ይጋገራል። ሲወጣ ሥዕሉ በነጩ ገላና በብርጭቆው መካከል ታስሮ ይገኛል። ለዚህ ነው ባሕር ውስጥ ለዘመናት የተኛ ሳህን ትናንት የተሣለ የሚመስለው።

ሰማያዊው ለምን ተመረጠ ለሚለውም መልሱ ከዚሁ እሳት ይገኛል። በዚያ ሙቀት ከልባስ ሥር ተርፈው የሚወጡ ቀለማት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መዳብ ቀይ ይሰጣል፣ ግን አመለኛ ነው፤ ትንሽ እሳቱ ከተዛነፈ ይተናል ወይም ወደ ግራጫ ይሄዳል። ኮባልት ግን የታመነ ነው። እኔ ያነበብኩት ምስጢራዊ ትርጓሜ ሁሉ ይህን አያህልም።

መቼ እንደተጀመረ በትክክል የሚነግሩን ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1323 ከቻይና ወደ ጃፓን ሲሄድ ኮሪያ አጠገብ የሰመጠ መርከብ ከ20,000 በላይ ሸክላ ይዞ ተገኝቷል፤ አንድም ሰማያዊና ነጭ የለበትም። በሌላ በኩል ለንደን በሚገኘው የብሪታኒያ ሙዚየም ያሉት የዴቪድ ማሰሮዎች አሉ። ሁለት ናቸው፣ ከፍታቸው 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መያዣቸው የዝሆን ራስ። አንገታቸው ላይ በዚያው በኮባልት ረጅም ጽሑፍ አለ፦ ጃንግ ወንጂን የተባለ ምእመን፣ ቤተሰቡ ሰላም እንዲሆን አንድ የዕጣን ማጨሻና ሁለቱን ማሰሮዎች ለቤተ መቅደስ መስጠቱን ይናገራል። ቀኑ በ1351 አራተኛው ወር ላይ ይወድቃል። የዕጣን ማጨሻው ጠፍቷል። ማሰሮዎቹ ግን ብዙ ልምድ ባለው እጅ የተሣሉ ናቸው፤ ዘንዶ፣ ማዕበል፣ ፊኒክስ፣ የሙዝ ቅጠል፣ በየረድፉ ያለ ስሕተት። እንዲህ ያለ እጅ በአንድ ዓመት አይገኝም። ስለዚህ ጥበቡ ከ1323 በኋላ ቶሎ ፈክቶ በ1351 ጎልምሷል እንላለን።

እነዚያ ማሰሮዎች እስኪጠኑ ድረስ ሊቃውንቱ ሰማያዊና ነጭ ሁሉ በ1368 ሞንጎሎቹን የተካው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ በ1950ዎቹ እነሱን መለኪያ አድርጎ ወደ ኢስታንቡልና ኢራን ውስጥ ወዳለችው አርደቢል ሄደ። የሄደበት ምክንያት ይገባኛል፤ ትልልቆቹ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሳህኖች በብዛት ያሉት ቻይና ውስጥ ሳይሆን እዚያ ነው። ቻይናዊ በየግሉ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ነው የሚበላው፤ 45 ሴንቲ ሜትር ሳህን ምን ይሠራለታል? የኢራንና የአረብ ገበታ ግን እንደኛው ነው፣ ሁሉም ከአንድ ላይ ያነሣል። ትልቁ ሳህን ለዚያ ገበታ የታዘዘ ነው። ኢራናዊው ሻህ አባስ በ1611 ለአርደቢል መካነ መቃብር ከ1,100 በላይ የቻይና ዕቃ ሰጥቷል። የኢስታንቡሉ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ደግሞ ከ10,000 በላይ አለው።

እዚህ ላይ አንድ የኛ ነገር ጣል ላድርግ። «ሲኒ» የምንለው ቃል ከአረብኛው «ሲኒ» የመጣ ነው፤ «የቻይና» ማለት ነው። ፋርሶቹም «ቺኒ» ይላሉ፤ እንግሊዞቹ ዕቃውን በአገሩ ስም «ቻይና» ብለው ይጠሩታል። ቡና ስንጠጣ በየቀኑ የዚያን ንግድ ስም እንጠራለን ማለት ነው።

ወደ ሳህንዎ ልመለስ። ሹዋንደ ከ1426 እስከ 1435 የነገሠው የሚንግ ንጉሥ ነው። የግዛት ስም ከዕቃ ሥር መጻፍ ወግ ሆኖ የጸናው በእሱ ጊዜ ነው። ትእዛዙም ቀላል አልነበረም፤ በ1433 ብቻ 443,500 ዕቃ ዘንዶና ፊኒክስ ተሥሎበት እንዲሠራ መታዘዙ ተመዝግቧል። ጂንግደዠን ውስጥ ዡሻን የተባለው የንጉሡ እቶን ቦታ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲቆፈር፣ ትንሽ እንከን ያለበት ዕቃ ሁሉ ሆን ተብሎ ተሰባብሮ ተቀብሮ ተገኘ። ለንጉሡ ያልበቃ ለሌላም እንዳይሆን ነው። ስብርባሪውን እየገጣጠሙ ሙሉ ሳህን ያወጡት ሰዎች ትዕግሥት ያስቀናኛል፤ እኔ በጥገና ሥራ የምኖር ሰው ነኝና ምን ያህል ሌሊት እንደሚበላ አውቃለሁ።

ታዲያ የሹዋንደ ስም በቻይና ሸክላ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተቀዳ ስም ሳይሆን አይቀርም። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኋላ ሠሪዎች ለዚያ ዘመን ካላቸው አክብሮት፣ ወይም ለገበያ ሲሉ ጻፉት። በ1677 ደግሞ የጂንግደዠን ሹም በጊዜው የነገሠውን የካንግሺን ስም በሸክላ ላይ መጻፍ ከለከለ፤ ዕቃው ሲሰበርና ሲጣል የንጉሡ ስም አብሮ ይጣላል ብሎ። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ዕቃዎች ከሥራቸው ባዶ ክብ ብቻ ወይም የጥንቱን የሚንግ ስም ይዘው ወጡ። ስለዚህ ስልክዎ በትክክል ተርጉሟል፤ የተረጎመው ጽሑፍ ግን ምስክር አይሆንም።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ይህን በእፍረት ነው የተማርኩት። አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ ጎድጓዳ ሳህን አመጣ፣ እኔም ገልብጬ ጽሑፉን አነበብኩና ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አለቃዬ ተቀበለችኝና ጽሑፉን በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። «አሁንስ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። የምለው ጠፋኝ። እስከ ዛሬ መጀመሪያ ጣቴን እዚያ ላይ ነው የማሳርፈው።

እርስዎም ይሸፍኑትና ሌላውን ይመልከቱ። በመጀመሪያ ጀርባው ሁሉ ነጭና አብረቅራቂ ነው ብለዋል፣ ጽሑፉም መሀል ላይ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠሩት ይህን ያህል ስፋት ያላቸው ሳህኖች አብዛኞቹ ጀርባቸው ልባስ የለውም፤ ልሙጥ ራቁት ሸክላ ነው፣ እሳቱ ብርቱካናማ ነገር ጣል ያደረገበት። ስሙም በትልልቆቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በውጭው ጎን ከከንፈሩ ሥር ነው። ይህ አንዱ ለእርስዎ ያልጠቀመ ነጥብ ነው።

ቀጥሎ ሰማያዊውን በአጉሊ መነጽር ይዩት። ከኢራን የመጣው ኮባልት ብረት የበዛበት፣ ማንጋኒዝ ያነሰበት ነው። ቀለሙ በወፈረበት ቦታ ብረቱ ተሰብስቦ ጥቁር ነጥብ ይሆናል፤ ወደ ልባሱ ሰርጎ ይገባና ሳህኑን ወደ ብርሃን ሲያጋድሉት ነጥቡ ላይ የቆርቆሮ ብልጭታ ያያሉ። በጣት ጫፍ ሲዳበስም ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ያኔ ሠዓሊው ያልፈለገው ጉድለት ነበር። የቻይና የራሷ ኮባልት በአንጻሩ ማንጋኒዝ ይበዛበታል፤ ካልተጣራ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ሲጣራ ግን እኩልና ለስላሳ ይሆናል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደዚያ አደሉ። አስቂኙ ነገር የ18ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ሠራተኞች የሹዋንደን ዕቃ ሲቀዱ ጉድለቱንም መቅዳታቸው ነው፤ በብሩሽ ጫፍ ጥቁር ነጥብ እየጠቆሙ። ግን ያስታውቃል፤ የእነሱ ነጥብ በመስመሩ ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ወደ ውስጥ አይሰርግም።

የእርስዎ ሳህን ላይ ግን ሌላ ነገር እፈራለሁ። የዘንዶው ቅርፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ደቃቅ እኩል ነጠብጣብ ከታየዎት፣ ወይም ዙሪያውን ያለው ሐረግ አንድ ቦታ ላይ ሳይገጥም ተቆርጦ ከተቀጠለ፣ በብሩሽ አልተሣለም። በወረቀት ታትሞ የተለጠፈ ነው፣ ያም ወደ ዘመናችን ያመጣዋል። ብሩሽ ባረፈበት ጀምሮ ይወፍራል፣ ሲነሣ ይቀጥናል፤ ሁለት ምት ሲደራረብ ጠቆር ይላል። ማተሚያ ይህን አያውቅም። «ሜድ ኢን ቻይና» የሚል ጽሑፍ አለመኖሩም አያጽናናዎ። ከ1891 ጀምሮ የአገር ስም እንዲጻፍ ያስገደደው የአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ ነው፤ ወደ ጂዳ የሚሄደውን አይመለከትም።

ከስድስቱ የቻይና ፊደላት አራተኛውን፣ የ«ሹዋንደ»ን «ደ»፣ የሚያዩ ሰዎችም ያጋጥምዎታል። በእውነተኞቹ የሹዋንደ ጽሑፎች ላይ ይህ ፊደል በውስጡ ካለው «ልብ» ከሚባለው ምልክት በላይ ሊኖር የሚገባው አግድም መስመር የለውም። እውነት ነው። ግን እኔ ያወቅሁትን አስመሳዩ ከእኔ በፊት ያውቀዋል፤ መስመሩ ካለ ሳህኑን ይጥለዋል፣ ከሌለ ግን አያነሣውም።

ስለ አውሮፓ ብዙ አልልም፤ እዚያ ያለው ታሪክ በየቦታው ተጽፏል። ፖርቱጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን አመጡት። ደቾች በ1603 ሲንጋፖር አጠገብ የማረኩት የፖርቱጋል መርከብ ጭነት፣ 100,000 ያህል ሸክላ፣ በቀጣዩ ዓመት አምስተርዳም ላይ ሲሸጥ አገሩ አበደ። የሆላንዷ ከተማ የዴልፍት ሠሪዎች እንደ ባስራዎቹ ተራ ሸክላን በነጭ ልባስ ሸፍነው ሰማያዊ ሣሉበት፤ ስምንት መቶ ዓመት ቆይቶ ያው ዘዴ። የሳክሶኒው ገዥ አውግስጦስ በ1717 ለፕሩሲያ ንጉሥ 600 ወታደር ሰጥቶ 151 የቻይና ዕቃ ተቀበለ። ወታደሮቹ ምን እንዳሉ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ዋጋው ሳይጠይቁኝ ልመልስ፣ ቀጥሎ እንደሚመጣ ስለማውቅ። በ2020 አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ አንድ ሰው ከግቢ ሽያጭ በ35 ዶላር የገዛው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሆኖ ተገኝቶ በቀጣዩ ዓመት ኒው ዮርክ ላይ 721,800 ዶላር ወጣለት። ይህ ወሬ ከተሰማ ወዲህ የሚመጣልኝ ፎቶ ብዛት! ልብ ይበሉልኝ፤ ያ ሳህን ከሥሩ አንድም ፊደል የለበትም።

የነገሩኝን ይዤ ስናገር፣ ሳህንዎ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሥራ ይመስለኛል። ለመወሰን ግን ሦስት ፎቶ ያስፈልገኛል። አንደኛው ሳህኑ የሚቆምበት፣ ልባስ የሌለው ቀለበት በቅርበት፤ ሁለተኛው የዘንዶው ዓይንና ጥፍር በአጉሊ መነጽር ውስጥ፤ ሦስተኛው ጎኑ በመስኮት ብርሃን አጋድሎ። ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት በለብታ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት፤ በበረኪና አይንኩት። ግድግዳ ላይ በሽቦ መንጠቆ ተሰቅሎ ከሆነም ያውርዱት። ሽቦው ከንፈሩን ይበላዋል፤ የ600 ዓመትም ይሁን የ40፣ የእናትዎ ሳህን ነው።